የጥሩሴት ቃል፣ እንደወረደ

ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስ ጣቢያ አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቼ ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከዚያ ወደ ደሴ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ሻንጣዬን ከመዝጋቴ በፊት ይህን ልጽፍ የተነሣሁት በሁለት ሰዎች ምክንያት ነው። አንዱ አለቃዬ የነበሩት ሰው ናቸው። ሌላዋ ጥሩሴት የምትባል ልጅ ነች፤ አሁን እንኳ ልጅ አይደለችም።

አለቃዬን ሳውቃቸው አል ዐይን ከተማ፣ ሰናይያ በሚባለው የጋራዥ ሰፈር ውስጥ ባለ ትንሽ ጣቢያ መቶ አለቃ ነበሩ። ከእኔ ሦስት ወር ቀድመው ጡረታ ሲወጡ ከአገሪቱ ከፍተኛ የፖሊስ አዛዦች አንዱ ሆነው ነው። እኛ ግን ማዕረጋቸው እስኪለወጥ አንጠብቅም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በበኩር ልጃቸው ስም አቡ ማጂድ ነበር የምንላቸው። የማጂድ አባት ማለት ነው። እሳቸውም እኔን «ኡኽቲ» ይሉኛል፤ እህቴ ማለታቸው ነው።

እኔ አል ዐይን የመጣሁት ለቤት ሥራ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ያ እዚያ ቤት ለምንም አልጠቀመኝም። የምሠራላቸው ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ነበሩ። ጋዜጣ የሚያነብላቸው ሲያጡ የአረብኛውን ፊደል አንድ በአንድ መዳፌ ላይ እየጻፉ አስተማሩኝ። በስድስተኛው ዓመት ሐዘን ያለበትን ገጽ እየዘለልኩ ጋዜጣውን ሳነብላቸው፣ «ዛሬ ማንም አልሞተም?» ይሉኝ ነበር። መዝለሌን ያውቃሉ። የማይወደደውን ነገር እየዘለሉ ማንበብ ያን ጊዜ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን የአሮጊቷ ልጅ መጣና፣ «ጣቢያ ውስጥ አንድ ሐበሻ ይዘዋል፤ የሚናገረውን የሚሰማው ጠፍቷል። አንድ ሰዓት ብቻ» ብሎ በመኪናው ወሰደኝ። የተያዘው ሸምሱ የሚባል የጎማ ቤት ዘበኛ ነበር። የወርክሾፑ መስታወት ተሰብሮ፣ አንተ ነህ ተብሎ ነው። ሸምሱ ሲያየኝ ከወንበሩ ሊነሣ ቃጣው።

«እህቴ፣ አላህ ነው የላከሽ! በይ ንገሪልኝ!»

ስለ መስታወቱ ተናገረ፣ ስለ አሠሪው ስለ ካፊሉ፣ ስለ እግሩ ቁስል፣ ስለ ውሃ ቧንቧው፣ ስለ አንድ ጎረቤት መካኒክ ሳይተነፍስ ተናገረ። ሲጨርስ ወደ መቶ አለቃው ዞሬ፣ «አልሰበርኩም ይላል» አልኩ።

መቶ አለቃው ሰዓታቸውን አዩ። «አምስት ደቂቃ ሙሉ ነው የተናገረው።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«አንቺ አንድ ቃል ሰጠሽኝ። የቀረውን የት አደረግሽው?»

«የቀረው አይጠቅምም።»

«አይጠቅምም ያለው ማነው? እሱ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ያንቺን ቃል በኋላ እሰማለሁ። አሁን የእሱን አምጪልኝ፣ እንደወረደ። ቢያስልም ንገሪኝ።»

ሸምሱ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እኔም እየተከተልኩ ሁሉንም አስገባሁ። ለካ መስታወቱ በተሰበረበት ሰዓት ለሶላት እግሩን ሲታጠብ፣ ቁስሉን እንዳይነካው ቀስ እያለ፣ ቧንቧውን ይዞ ቆይቶ ኖሯል፤ መካኒኩም ተራዬን ከለከልከኝ ብሎ ተጣልቶታል። መካኒኩ ተጠራ። «ይኼ ሰውዬ? ለአንድ እግሩ ባሕር አይበቃውም!» ብሎ እየተናደደ መሰከረለት። አይጠቅምም ብዬ የጣልኩት ነገር ሰውየውን አስፈታው።

በሳምንቱ ጣቢያው ቀጠረኝ። ደመወዙ ከቤት ሥራው ይሻል ነበር፤ ስለ እሱ ይኼ ይበቃል።

የአቡ ማጂድ አሠራር ቀላል ይመስላል። ቆባቸውን አውልቀው የመስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጡታል፤ በእሳቸውና በሰውየው መካከል ጠረጴዛው ላይ አኑረውት አያውቁም። ከዚያ ውሃ በገዛ እጃቸው ይቀዳሉ፣ መጀመሪያ ለተያዘው ሰው፣ ቀጥሎ ለእኔ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ትናንት የት አደርክ፣ ምን በላህ?» ነው። በመጨረሻ የተጻፈውን ለሰውየው በቋንቋው አስነብበው፣ «ምን ተረፈኝ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰው ጥያቄ ሲበዛበት የሚደብቀውን፣ «ምን ተረፈኝ?» ሲባል ያወጣዋል። ስንት ነገር በዚያች ጥያቄ ሲወጣ አይቻለሁ።

እኔም የራሴን አሠራር ከዚያ ለመድኩ። የምቀመጠው ከሁለቱ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ነው፤ እርስ በርስ እንዲተያዩ እንጂ እኔን እንዲያዩ አልፈልግም። ስድብ ከሆነ ስድቡን፣ ምርቃት ከሆነ ምርቃቱን አደርሳለሁ። የእኛ ሴቶች እሺ ለማለት ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሲስቡ የማያውቅ ሰው የደነገጡ ይመስለዋል፤ ያንንም እናገራለሁ። ከራሴ ግን ምንም አልጨምርም።

አቡ ማጂድ ሻምበል ሆነው አቡ ዳቢ ሲዛወሩ እኔንም አስዛወሩኝ። ጣቢያችን ያለበት ኸሊፋ ሲቲ ሰፈር ቪላው ብዙ ነው፤ በየቪላው አንድ ሁለት የእኛ ልጅ አለች። ሥራ በዛልኝ። ጥሩሴትን ያገኘኋት እዚያ ነው።

ከደብረ ታቦር አካባቢ የመጣች፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ሁመይድ የሚባል የሦስት ዓመት ሕፃን ታሳድጋለች። ልጁን መርዛለች ወይም አስማት ሠርታበታለች ተብላ ነው የመጣችው። ማዳሟ ከልጁ አልጋ አጠገብ ግራጫ ውሃ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ አግኝታለች፤ ልጁ ደግሞ ያን ቀን አስመልሶት ሐኪም ቤት ገብቷል። አስማት እዚህ አገር ከባድ ክስ ነው።

አቡ ማጂድ ውሃ ቀዱላት። ጥሩሴት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ተናገረች።

«ልጁን ሦስት ቀን አተኮሰው። ማዳም ሐኪም ቤት ወስዳው ነበር፤ መድኃኒቱ አልያዘለትም። እናቴ ለክፉ ቀን ብላ የሰጠችኝ ጸበል ነበረኝ። ከገዳም የመጣ እመትም ነበረኝ፤ አመድ ነው፣ በጸበሉ በጥብጬ ግንባሩን ቀባሁት፣ ሁለት ማንኪያ አጠጣሁት። ሌላ ምን ላድርግለት? እኔ እኮ ነኝ አቅፌው የማድረው።»

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። የሌላ ሃይማኖት ነገር፣ አመድ የገባበት፣ ልጃቸውን አጠጣች ብል አለቀላት ብዬ ፈራሁ። ለእሷ ያሰብኩ መሰለኝ። ለአቡ ማጂድ እንዲህ አልኩ፦ «ልጁ ስላተኮሰው ውሃ ሰጠሁት፣ ግንባሩንም በውሃ አረጠብኩለት ትላለች።»

«ጠርሙሱስ?»

«ውሃ ብቻ ነው ትላለች።»

ጻፉ። ቃሏን አንብቢላት አሉኝ። ወረቀቱን ይዤ፣ በአረብኛ ውሃ የሚለውን በአማርኛ ጸበልና እመት እያልኩ አነበብኩላት። የሰማችው የገዛ ራሷን ቃል ነው። አቡ ማጂድ «ምን ተረፈኝ?» ብለው ጠየቁ።

«ምንም አልቀረ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ፈረመች።

በሳምንቱ የምርመራው ወረቀት መጣ። ጠርሙሱ ውስጥ አመድና አፈር አለበት፤ መርዝ የለበትም። ልጁም ድኗል፤ የጆሮ ሕመም ኖሯል። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ግን፣ ውሃ ብቻ ነው ያለች ልጅ አመዱን ለምን ደበቀች፣ የሚደበቅ ነገር ባይኖራት ኖሮ አትዋሽም ነበር አሉ። ከዚያ ወዲያ የተያዘችው በአመዱ አልነበረም፤ በእኔ ቃል ነው።

አቡ ማጂድ ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጡት። «ውሃ ብቻ ነው ያለችው?»

«አዎ» አልኩ።

ሁለተኛው ውሸቴ ነው። የመጀመሪያውን ከፍርሃት ቆጥሬው አውቃለሁ፤ ይኼኛውን ምን እንደምለው እስካሁን አላውቅም።

ዐቢይ ጾም ገባ። ጥሩሴት ማረፊያ ቤት ሆና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ የሚመጣው ምግብ ሥጋ ሲሆን ጭራሽ ትተወዋለች። ተምርና ዳቦ ይዤላት እገባለሁ። አንድ ቀን የተምሩን ፍሬ እንደ ቁም ነገር እየደረደረች እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ ወይንሸት፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር? ቃሌን የሚያውቅልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

በማግስቱ ጠዋት አቡ ማጂድ ቢሮ ገባሁ። ቆባቸውን መስኮቱ ላይ እያስቀመጡ ነበር። ተቀመጪ ሳይሉኝ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በአማርኛ ሌላ ማንበቤን ጭምር። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ፣ «ያለችውን አሁን ንገሪኝ፤ እንደወረደ» አሉ።

ነገርኳቸው። ጸበል ምን እንደሆነ፣ እመት ከየት እንደሚመጣ፣ ለማን እንደሚሰጥ አስረዳሁ። ሲሰሙ ቆይተው እጃቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

«ኡኽቲ፣ እናቴ እኮ በታመምን ቁጥር ዘምዘም ታጠጣን ነበር። ጀሪካኑ አልጋዋ ሥር ነው የሚቀመጠው። ይኼን የማይገባው ሰው ይኖራል ብለሽ ነው የፈራሽው?»

የእነሱን ጸበል፣ ዘምዘምን እኔም አውቀዋለሁ፤ ያሳደሩኝ አሮጊት ዘንድ ስድስት ዓመት ሙሉ በየትንሿ ብርጭቆ የቀዳሁት እኔ ነበርኩ።

አዲስ ቃል ተወሰደ። የልጁ አባት ተጠርቶ ሲነገረው አንገቱን ደፋ፤ ክሱንም ተወ። ግን አንዴ የተሳሳተ ወረቀት ለመታረም ከመጻፉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ጥሩሴት በጠቅላላው አራት ወር ታሰረች። ፋሲካንም እዚያው ዋለች።

አቡ ማጂድ በሪፖርቱ ላይ ስሜን አልጻፉም። «የመጀመሪያውን ቃል ሳላጣራ የተቀበልኩ እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙ። የሚጠበቀው የሻለቃነት ማዕረጋቸው ያን ዓመት ቀረ፤ በዚህ ምክንያት ነው ያለኝ የለም፣ አይደለም ያለኝም የለም። ለምን አላባረሩኝም ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አንቺን ባባርር የምትመጣው አስተርጓሚ ይኼን ጥፋት ገና አልሠራችም» አሉ።

ጥሩሴት የምትፈታ ዕለት አስጠሯትና በእኔ በኩል ነገሯት። «ቃልሽን አበላሽተን ጻፍነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ተረጎምኩ። አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ያን ቀን ሥራዬን በትክክል ሠራሁ፣ ከሥራዬም ጀርባ ተደበቅኩ።

«ምን አጠፉ እሳቸው፣ ሰው አይደሉ እንዴ» አለች ጥሩሴት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እርስዎን ግን እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እትዬ» አለች። ይኼንንም ተረጎምኩ። አቡ ማጂድ ቆባቸውን አንሥተው ጠርዙን ሲያስተካክሉ ቆዩ።

አገሯ ተላከች። ከመሄዷ በፊት ሁመይድን አንድ ጊዜ ልየው ብላ ነበር፤ ቤተሰቡ አልፈቀደም።

ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ገደማ አልፏል። አቡ ማጂድ ሻለቃ፣ ቆይተውም ኮሎኔል ሆኑ፤ መዝናኛ የበዛበት ያስ ደሴት ያለው ጣቢያ ሲሰጣቸው እኔንም ወሰዱኝ። እዚያ አብዛኛው ሥራ የጠፋ ሕፃንና የጠፋ ስልክ ነው። አንድ ቀን የጠፋች የሐበሻ ልጅ ተገኝታለች ብለው ጠሩኝ። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። «ስምሽ ማነው፣ የኔ ቆንጆ?» ብላት ዝም፤ «እናትሽስ?» ብላት ዝም። በመጨረሻ ለፖሊሷ በእንግሊዝኛ፣ እኚህ ሴትዮ ምንድነው የሚሉት ብላ ጠየቀቻት። አቡ ማጂድ በር ላይ ቆመው ነበርና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ኡኽቲ፣ ዛሬ ሥራ ፈታሽ» አሉኝ።

ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲያድጉ እኔ ጣቢያ ቀረሁ። በየዓመቱ ግን አዲስ አስተርጓሚዎች ሲመጡ ያስጠሩኝና አንድ ቀን አስተምራለሁ፤ የኔፓሉም፣ የፊሊፒንሱም፣ የእኛውም ይሰበሰባሉ። የሸምሱን እግር እነግራቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። የጥሩሴትንም እነግራቸዋለሁ። እዚያ ላይ ግን ሁልጊዜ «አንዲት አስተርጓሚ ነበረች» እያልኩ ነው የነገርኳቸው።

በዚህ ሳምንት አቡ ማጂድ ደወሉና አል ዐይን ቤታቸው ድረስ እንድመጣ ለመኑኝ። ማጂድ መኪና ላከልኝ። ጓሮ፣ የተምር ዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያለ ደንብ ልብስ ሳያቸው አነስ ያሉ መሰሉኝ። ከኪሳቸው አንድ ትንሽ ደብተር አወጡ፤ ባለፉት ዓመታት ሁሉ በእርሳስ የሚጽፉባትን ደብተር አውቃታለሁ፣ ውስጧን ግን አይቼ አላውቅም። ስሞች ናቸው። ያለ ጥፋታቸው አስረው ያቆዩዋቸው ሰዎች ስም። አንዳንዱ ተሰርዟል።

«የተሰረዙት ፈልጌ ያገኘኋቸው ናቸው» አሉ። «አንቺ የምታገኚልኝ አንዲት አለች።»

ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ስልኳ ነበረኝ። ከቤተ ክርስቲያን ከማውቃት የዚያው አገር ልጅ ከተቀበልኩ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ደውዬ ግን አላውቅም። ጥሩሴት ወረታ ከተማ የልብስ ሱቅ አላት፤ ሁለት ልጆችም ወልዳለች።

ደወልኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ድምፁን ከፈትኩት።

«እትዬ ወይንሸት ነኝ፣ የአቡ ዳቢዋ።»

«ውይ በሞትኩት! እትዬ! ድምፅዎ አልተለወጠም እኮ! ደህና ነዎት? እግርዎን ያምዎት ነበር፣ ተሻለዎት?»

አቡ ማጂድ እጃቸውን አነሡ፤ ምን አለች ማለታቸው ነው። እግሬን መጠየቋን ተረጎምኩ። ሳቅ አሉ።

ከዚያ ተናገሩ። ጡረታ መውጣታቸውን፣ ስሟ ከደብተራቸው ወጥቶ እንደማያውቅ፣ ቃሏ የተበላሸው በእሳቸው ጥፋት መሆኑን። እንደገና ይቅርታ ጠየቁ። አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር አደረስኩ።

«ሁመይድ ደህና ነው?» አለች ጥሩሴት። የመለሰችው ይኼን ነው።

አቡ ማጂድ አጣርተው ኖሯል። «ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ከእኔ ይረዝማል በያት።»

ከወዲያ በኩል ሳቅና ለቅሶ አብሮ ተሰማ። «ቁመቱ ከአባቱ ነው» አለች። ቆየት ብላ፣ «ሻምበሉን እንዲህ ይበሉልኝ፤ ያኔውኑ ይቅር ብያቸዋለሁ። እሳቸው ቢሳሳቱም እርስዎ አጠገቤ ስለነበሩ ነው ያለፈው» አለች።

ተረጎምኩ። እስከ መጨረሻው፣ እኔን የሚመለከተውንም። አቡ ማጂድ ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አመሰግናለሁ በያት» አሉ፤ እርሳሳቸውንም አነሡ። ስሟን ሊሰርዙት ነው።

«አንዴ ይቆዩ» አልኳቸው። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ።

«ጥሩሴት፣ አሁን የምናገረው የእሳቸውን አይደለም፤ የራሴን ነው። እሳቸው አልተሳሳቱም። ጸበልና እመት ብለሽ ነግረሽኛል። ውሃ ብቻ ነው ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። የፈረምሽበትን ሳነብልሽ የሰማሽውና ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ አልነበረም። ሲጠይቁኝም ደግሜ ዋሸሁ። ተምሩን ሳመጣልሽ አውቅ ነበር።»

 ሱቋ ውስጥ አንድ ሰው የልጅ ሸሚዝ ዋጋ ሲጠይቅ ይሰማኛል፤ አልመለሰችለትም።

«አራት ወር ነው፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ፋሲካን እዚያ ነው የዋልኩት።»

«አዎ።»

«ዛሬ የምለው የለኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውሉልኝ።»

ዘጋችው።

አቡ ማጂድ እርሳሱን እንደያዙ ነበሩ። «ምን አልሻት?»

«የእሷን ልንገርዎት ወይስ የእኔን?»

«መጀመሪያ ያንቺን» አሉ። «ሰናይያ ውስጥ ያንቺን ቃል በኋላ እሰማለሁ ብዬሽ ነበር።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ያልኳትን ሁሉ በአረብኛ ነገርኳቸው። የእሷንም አስከተልኩ፤ አራት ወር፣ ፋሲካ፣ እሑድ። ስጨርስ ብርጭቆዬን ወደ ራሳቸው ስበው ውሃ ቀዱልኝ። ስሟን አልሰረዙትም። ደብተሩንና እርሳሱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ይኼ አንቺ ዘንድ ይቆይ» አሉ።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ደብተሩ አጠገቤ ነው። የወረታ ቅዳሴ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ከዚያች የአገሯ ልጅ ጠይቄ ጽፌዋለሁ፤ ከዚህ ጋር ያለውንም የአንድ ሰዓት ልዩነት አስቤዋለሁ። ነገ የምትለኝን እሰማለሁ፤ ምንም ሳልጥል።